ነርቭን ከደም ቧንቧ ጫና የማላቀቅ ቀዶ ሕክምና፦ የአስታማሚ አስተያየት

እናቴን ጥርሷን ስትቦርሽ ወይም ነፋስ ጉንጯን ሲነካት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራት የነበረው ሕመም የፊትን ስሜት የሚያስተላልፈው የአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሕመም መሆኑ የታወቀው፣ የሚያሳዝነው ነገር፣ ጤነኛ ጥርሶቿ ከተነቀሉ በኋላ ነው። ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት ቢያስታግስላትም ማዞሩና ድብታው ስለበረታባት፣ በኤምአርአይም ነርቩን የተጫነ የደም ቧንቧ ስለታየ ቀዶ ሕክምናውን መረጥን።

አሜሪካዊው ሐኪም ፒተር ጃኔታ ያስፋፉት ይህ ዘዴ ነርቩን አይቆርጥም፤ ሐኪሙ ከጆሮ ጀርባ አጥንቱን በጥቂቱ ከፍቶ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ የደም ቧንቧውን ከነርቩ ያላቅቅና በመካከላቸው የቴፍሎን ቁራጭ ያስቀምጣል። የፊት ስሜት በአብዛኛው ሳይጎዳ የሚቀረውም ስለዚህ ነው።

የእናቴ ሐኪም ማብራሪያ ምስጋና ይገባዋል፤ የመስማት ችሎታ ሊቀንስ፣ የአንጎል ፈሳሽ ሊፈስ፣ አልፎ አልፎም ስትሮክ ሊያጋጥም እንደሚችል፣ ሕመሙም በአንዳንዶች ላይ ከዓመታት በኋላ እንደሚመለስ ሳይደብቁ ነግረውናል። የሆስፒታሉ ሂሳብ ክፍል ግን እንዲህ ግልጽ አልነበረም፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ለብቻው እንደሚከፈልበት የሰማነው ስንወጣ ነው።

እናቴ ከሰመመን ስትነቃ ንዝረቱ ጠፍቶ ነበር፤ መድኃኒቱንም በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየቀነሰች ነው።