ለገና ጉባኤ አርቪ ልትከራዩ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዲሴምበር መጨረሻ ወደ ኅብረት ጉባኤ ቤተሰብ ይዛችሁ በአርቪ (አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ባለው ትልቅ መኪና) ለመሄድ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ስሙኝ። በተለይ «ለወንጌል ቤተሰብ ልዩ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም የደረሳችሁ።

የአከራዩን ስም አልጽፍም። ክርክራችን ገና አላለቀም፤ እንዲህ ያለ ውል የሚያስፈርመውም እሱ ብቻ አይደለም።

እኛ የሄድነው ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ወደ ዳላስ ነው። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ቢሆንም፣ አሜሪካ ውስጥ ሥራና ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዲሴምበር 25 ሰሞን ስለሆነ ብዙ ጉባኤዎች ያን ጊዜ ይደረጋሉ። የአውሮፕላን ትኬት ሰማይ ይነካል። ስለዚህ አያት፣ ልጆች፣ ዘመድ ሁሉ በአንድ ተሽከርካሪ እየዘመሩ መሄድ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። አሁንም ደስ ይለኛል። ችግሩ ውሉ ላይ ነው።

ማስታወቂያው «በአዳር 145 ዶላር፣ 8 ሰው ያስተኛል» ይላል። ለአምስት አዳር 725 ዶላር ማለት ነው። በመጨረሻ ከካርዳችን የተወሰደው ግን፣ ቤንዚኑን ሳይጨምር፣ 1,795 ዶላር ሆነ። በዚያ ላይ ከዲፖዚቱ 600 ዶላር ተቆርጦ ቀረ።

ትልቁ ወጥመድ ማይሉ ነው። ውሉ በአዳር 100 ማይል ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ማይል 45 ሳንቲም ያስከፍላል። ከኦሮራ ዳላስ ደርሶ መልስ 1,600 ማይል ገደማ ነው። የተፈቀደልን 500። የቀረው 1,100 ማይል 495 ዶላር መጣ። አከራዩ ዳላስ እንደምንሄድ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል፤ ማስታወቂያውን የለቀቀውም ለዚሁ ጉባኤ ነው። ጠቅላላው ስንት እንደሚሆን ግን አንድ ቀን አልነገረንም። «ማዘጋጃ» የሚባል የ195 ዶላር ክፍያም ነበረ፤ እሱንም ያየነው ለመፈረም ስንቀመጥ ነው።

ቤንዚኑን ለብቻው አስሉት። እንደ እኛ ያለው ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው አርቪ በአንድ ጋሎን ከ8 እስከ 12 ማይል ቢሄድ ነው። ለዚያ መንገድ 160 ጋሎን አካባቢ መድቡ።

ቀጥሎ ጄኔሬተሩ። ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ጉባኤው ላይ ያደርነው በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ነው። ፈቃድ አግኝተናል፤ ማደሪያው ነጻ ነው። ግን እንደ አርቪ ፓርክ የሚሰካበት መብራት የለም። አከራዩ «ማሞቂያው በጋዝ ነው፣ አትጨነቁ» ብሎን ነበር። እውነት ነው፣ እሳቱ የሚነደው በፕሮፔን ነው። ሙቀቱን ወደ ውስጥ የሚነፋው ፋን ግን የሚሠራው በባትሪ ነው። ባትሪው አርጅቶ ስለነበር እኩለ ሌሊት ሳይሆን ማሞቂያው ጠፋ። ልጆች ይዞ በዲሴምበር ብርድ ማደር አይቻልም። ጄኔሬተሩን አስነሳን። ውሉ ላይ በቀን ሦስት ሰዓት ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ በሰዓት 5 ዶላር። የእሱ ባትሪ ስለደከመ እኛ 130 ዶላር ከፈልን።

ገንዘቡ ይቅር። ከጎናችን ሌሎች አርቪዎችም ጄኔሬተር አስነስተው ነበር። የአንዱ ጭስ ወደ ሌላው መስኮት ይሄዳል። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። አርቪው ውስጥ ያለውን የዚህን ጋዝ ጠቋሚ ስንፈትነው ድምፅ አላወጣም። ያን ሌሊት ከሱቅ አዲስ ገዝተን ባንሰቅል ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። እባካችሁ፣ ስትረከቡ የጠቋሚውን ቁልፍ ተጭናችሁ ድምፁን ስሙ። ከጀርባው የተመረተበት ቀን ተጽፏል፤ እሱንም እዩ፣ ዕድሜ አለውና። በራሳችሁ የሚሠራ ሌላ ይዛችሁ ሂዱ። ብርድ ቢጠናም ለሙቀት ብላችሁ የምግብ ምድጃውን አታብሩ።

ውኃም አልነበረንም። በክረምት ቧንቧው ቀዝቅዞ እንዳይፈነዳ ሮዝ አንቱፍሪዝ (በረዶ የሚከላከል ፈሳሽ) ይሞላል፤ ሻወርና ቧንቧ አይከፈትም። ይህ የተነገረን ቁልፍ ስንቀበል ነው። ይግረማችሁ፣ አንድም ቀን ቧንቧ ሳንከፍት «አንቱፍሪዝ መልሶ ለመሙላት» 150 ዶላር ተወሰደብን። የሽንት ቤቱን ታንክ ስንመለስ መንገድ ላይ አማሪሎ ከተማ ራሳችን አስደፍተን ደረሰኝ ይዘናል፤ አከራዩ ግን ለእሱም 100 ዶላር ወሰደብን።

አሁን ወደ ጎማው። ከእኛ ጋር የነበረው ወንድማችን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስንሄድ ፑዌብሎ ከተማ ስንቆም የኋላውን ጥንድ ጎማ በባትሪ መብራት አየ። ውስጠኛው ጎማ ጎኑ ተሰነጣጥቋል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎማ ዕድሜ ጎኑ ላይ፣ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ባሉ አራት ቁጥሮች ይታወቃል። 3514 ካለ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከፊታችን የራቶን ተራራ ማለፊያ አለ፣ ከፍታው 7,834 ጫማ፣ ወቅቱም የበረዶ። ወንድማችን «በዚህ ጎማ ሰው ጭኜ አልወጣም» አለ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። አከራዩ በስልክ «ጥርሱ ደህና ነው፣ ቀጥሉ» አለን። ሁለት ጎማ በራሳችን ገዛን። ገንዘቡን ስንጠይቅ «በጽሑፍ ሳላጸድቅ ለተሠራ አልከፍልም» የሚለውን አንቀጽ አሳየን።

«8 ሰው ያስተኛል» የሚለውም አያታልላችሁ። አልጋው ለስምንት ነው፤ የደህንነት ቀበቶ ያለው ለስድስት ብቻ ነበር። ሁለት ሰው በሌላ መኪና ሊከተለን ግድ ሆነ። የልጆች ካርሲት ደግሞ በጎን በኩል በሚያይ ሶፋ ላይ አይታሰርም። ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ፊት የሚያዩ፣ ቀበቶ ያላቸውን ወንበሮች ቁጠሩ።

ኢንሹራንስ ላይ አጭር ልናገር። የራሳችሁ የመኪና ኢንሹራንስ የተከራያችሁትን አርቪ ላይሸፍን ይችላል። የክሬዲት ካርድ የኪራይ ሽፋንም አርቪን አብዛኛውን ጊዜ አያካትትም። አከራዩ ግለሰብ ከሆነ፣ ለራሱ መንዳት የገዛው ኢንሹራንስ ለኪራይ አይሠራ ይሆናል። ኢንሹራንስ ሰጪው የጻፈውን ወረቀት ሳታዩ ቁልፍ አትቀበሉ።

በጣም ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። ዝርዝሩን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «በጌታ ወንድማማቾች ነን፣ በወረቀት ምን ያጨቃጭቀናል» ነበር። ውሉ ሲወጣ ግን እያንዳንዷ አንቀጽ እሱን ብቻ የምትጠብቅ ናት። የእግዚአብሔርን ስም እየጠሩ ዋጋ መደበቅ እኔ ዘንድ ማታለል ነው። አብረውን የሄዱ አንዲት እናት ከጡረታቸው ቆጥበው ነው ድርሻቸውን ያዋጡት።

አከፋፈሉ ላይ አትለሳለሱ። እኛንም በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ገንዘብ በሚላክበት) ላኩ ብሎን ነበር፤ በካርድ ነው የከፈልነው። በዜል የላከ ሌላ ቤተሰብ ባንኩን ቢለምን «ራስህ ነህ የላክኸው» ተባለ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ግን፣ እንደ ስምምነቱ ያልተሰጠ አገልግሎት ሲያስከፍሏችሁ የመከራከር መብት አላችሁ። ችግሩ ያለበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው በጽሑፍ አመልክቱ።

ዲፖዚቱን የቆረጠው «ወለሉ ተጭሯል» ብሎ ነው። እህቴ ስንረከብ ውስጡንም ውጪውንም በቪዲዮ ቀርጻ ነበር፤ ጭረቱ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናንተም ቅረጹ፤ የማይል ቆጣሪውን፣ የጄኔሬተሩን ሰዓት፣ የጋዙን መጠን ጭምር።

ቪዲዮውን፣ የጎማውንና የአማሪሎውን ደረሰኝ ለካርድ ድርጅቱ ልከናል። ለኮሎራዶ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልም አመልክተናል። በዚህ ካልተፈታ ወደ አነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት እንሄዳለን፤ በኮሎራዶ እስከ 7,500 ዶላር ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል።

ለአገልጋዮችና ለጉባኤ አስተባባሪዎች አንድ ልመና አለኝ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በቤተ ክርስቲያን ቴሌግራም ከመልቀቃችሁ በፊት ባዶ ውሉንና እስከ ጉባኤው ከተማ ደርሶ መልስ ያለውን ጠቅላላ ዋጋ በጽሑፍ አስመጡ። ሁለቱንም ከማስታወቂያው ጋር አብራችሁ ልቀቁልን።