«ያው ነው» ብለው ሌላ ቺፕ ለጥፈው ሸጡልን

ጎበዝ፣ ይህን የምጽፈው ደሜ እንደፈላ ነው። ከቦርድ ሻጮቹ ባለሙያ ጋር ተነጋግሬ ከጨረስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፕሮሰሰር፣ ራምና ናንድ ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን የሚይዝ ሜሞሪ) በአንድ ትንሽ ቦርድ ላይ አድርገው «ሁሉም ዝግጁ ነው፣ ሶፍትዌራችሁን ብቻ ጫኑ» የሚሉት ናቸው። መጀመሪያ ናሙና ይልካሉ። ናሙናው ሁሌም አንደኛ ነው። ኢሜይል ስትጽፉላቸው በአምስት ደቂቃ ይመልሳሉ። ገንዘቡ እስኪገባ ነው እንግዲህ።

ናሙናውን ሦስት ሳምንት አሠቃየሁት። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ አሞቅኩ፣ አቀዘቀዝኩ፤ ወይ ፍንክች። 60 ቦርድ አዘዝን። ሲመጡ እያንዳንዱን አብርቼ፣ የመግቢያዋ መስመር ብቅ ስትል «ደህና ነው» ብዬ ፈረምኩ። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ! ናሙናውን እንደዚያ ያሰቃየ ሰው የገዛውን ዕቃ እንዲህ ይቀበላል? ጅል።

አራት ወር ሳይሞላ 11 ቦርድ ሞተ። አሟሟታቸውም ያናድዳል። ቦርዱ ሲነሳ የሚጽፈውን የማነብበትን ሲሪያል ኬብል ሰክቼ ብጠብቅ አንዲት ፊደል የለችም። ጭጭ። ከኤስዲ ካርድ አስነስቼ ቡትሎደሩን፣ ሊኑክሱን የሚያስነሳውን ትንሽ ፕሮግራም፣ እንደገና ስጽፍባቸው ደግሞ ምንም እንዳልሆኑ ይነሳሉ። ያዘናጋኝም ይሄው ነው። ስንጽፍ መብራት ተቋርጦ ይሆናል እያልኩ ሁለት ሳምንት የራሴን ኮድ ስወቅስ ከረምኩ።

በመጨረሻ ከአንዱ ሬሳ ላይ የፍላሹን የመጀመሪያ ገጽ ሳይታረም እንዳለ አወጣሁትና ከዋናው ፋይል ጋር አስተያየሁት። በአንዱ የ512 ባይት ቁራጭ ውስጥ ሁለት ቢት ተቀይሯል። 0 የነበሩት 1 ሆነዋል። በቃ፣ ሁለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ናንድ ግን ይለቃል። ሴሉ ውስጥ የታሰረው ኤሌክትሮን ቀስ እያለ ያመልጣል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የማረሚያ ኮድ አብሮ የሚጻፈው ለዚሁ ነው።

ጥያቄው ማን ያርመው ነው። ቦርዱ ሲበራ ፍላሹን መጀመሪያ የሚያነበው ሮም፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም ነው። የእኛው ሮም ደግሞ ሐሚንግ ከሚባለው የማረሚያ ኮድ ሌላ አያውቅም። በ512 ባይት አንድ ቢት ያርማል፤ ሁለት ሲሆን መበላሸቱን ያውቃል፣ ማረም ግን አይችልም። ሲሊከኑ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ አፕዴት አይደረግም። የናሙናው ቺፕ የሚፈልገው አንድ ቢት ማረም ነበር፤ ልክክ ይላል። ሬሳውን በማጉያ መነጽር ሳየው ግን የቺፑ ቁጥር ሌላ ነው። ዳታሺቱን፣ የአምራቹን መግለጫ፣ ፈልጌ ከፈትኩ። በ512 ባይት 8 ቢት ማረም ይጠይቃል።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከቦርዶቹ ጋር «የተሻሻለ» ብለው አዲስ ሶፍትዌር ልከውልን ነበር። ገልጬ ሳየው የሊኑክሱን ማረሚያ ከሐሚንግ ቢሲኤች ወደሚባለው 8 ቢት የሚያርም ኮድ ቀይረውታል። ለዚህ ነው ፋይሎቹ ሁሉ ደህና ሆነው በሮሙ የምትነበበው ትንሿ ቡትሎደር ብቻ የምትሞተው። ቤቱ ሙሉ ነው፣ በሩ አይከፈትም።

ዛሬ በቪዲዮ አገናኙኝ። ባለሙያው ዘና ብሎ «ከርነሉን አፕዴት ያድርጉ» አለኝ። የሊኑክሱ እምብርት የሆነው ከርነል እኮ ገና አልተነሳም አልኩት። «እርስዎ የሶፍትዌር ሰው ነዎት መሰለኝ» ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ እንዴት እንደሚጻፍ ላሳይዎት ብሎ ስክሪኑን አጋራኝ። ፎልደሮቹ ተደርድረዋል። ከላይ ሁለተኛው ላይ «ቡት አይነሳም - የቺፕ ለውጥ» ይላል። ቀኑ እኛ ካዘዝንበት በሁለት ወር ይቀድማል።

አየሁት። እንዳየሁትም አየ። መዳፊቱ እየተንቀጠቀጠ ሄዶ መስኮቱን ዘጋው።

«ያ ምንድነው?» አልኩት። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲለኝ የቆየው ሰውዬ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ወንድሜ፣ የፈረምከውን ታነባለህ?» አለኝ። አንተ ሆንኩ። የርክክብ ሰነዱን የመጨረሻ ገጽ ከፈትኩ። በደቃቅ ፊደል «ተመጣጣኝ ሜሞሪ ሊተካ ይችላል» ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ፤ ያውም ትልቅና የሚያምር።

መጠኑ ነው የተመጣጠነው። እግሮቹም ይገጥማሉ። የሚጠይቀው እርማት ግን ስምንት እጥፍ ነው!

አንጀቴን ያሳረረው ግን የራሴ ነገር ነው። ሮሙ የፍላሹ የመጀመሪያ ብሎክ (ክፍል) አልነበብ ሲለው ወደሚቀጥለው እያለ እስከ አራተኛው ይሞክራል። ማኑዋሉ ላይ አለ፣ አንብቤዋለሁ፣ በቢጫ ሁሉ አስምሬበታለሁ። የቡትሎደሩን ግን የጻፍኩት አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሦስቱ ብሎክ ባዶውን ተቀምጧል።

ከእነሱ ዓይነቱ ልትገዙ ከሆነ፣ የናሙናውን ሳይሆን የመጣላችሁን ቦርድ ቺፕ ቁጥር አንብቡ። ዳታሺቱ የሚጠይቀውን እርማት ሮሙ ከሚችለው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ፈርሙ።

49ኙ ቦርዶች እስካሁን ይነሳሉ። ከነገ ጠዋት ጀምሬ እየዞርኩ አራት አራት ቅጂ ልጽፍባቸው ነው።