አዲስ ሴዳን ወይስ ያገለገለች? ብትጠይቁኝ እኔ የምገዛውን ልንገራችሁ

ወዳጆቼ መኪና ሊገዙ ሲያስቡ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ያው ነው፤ «ለቤተሰብ የምትሆን መካከለኛ ሴዳን ልገዛ ነው። አዲስ ላውጣ ወይስ ያገለገለች ልፈልግ?» መልሴም ያው ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለገለች፣ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አፍኖ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ) የሌላት፣ የሰርቪስ መዝገቧ የተሟላ መኪና ግዛ፤ የተረፈህን ብር ደግሞ አትንካው። ሁሌ በስልክ ከማብራራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ስለ ወንበር ምቾት፣ ስለ ስክሪን ስፋትና ስለ ፈረስ ጉልበት አላወራም። እሱን ሻጩ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። የማነሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ከመኪና ስም ጋር የሚመጡት ደግሞ የስሪት ዓመቶች ናቸው።

ከዋጋ ልጀምር። ብዙ ሰው የመኪና ዋጋ የሚለው ለሻጩ ቆጥሮ የሚሰጠውን ነው። የእኔ ሂሳብ ሌላ ነው። የተገዛችበት ላይ የጥገናዋን ደምሩ፣ ስትሸጥ የምታመጣውን ቀንሱ፣ የቀረውን ለቆየችባችሁ ዓመታት አካፍሉ። እውነተኛ ዋጋዋ ይሄ ነው።

ለምሳሌ አዲሷን 100 እንበላት። አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆን ዋጋዋን ልታጣ ትችላለች። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ እየለዘበ ይሄዳል። ከ4 ዓመት በኋላ 60 አወጣች እንበል። ባለቤቷ 40 ሄዶበታል። ዋስትና ስላላት ያወጣው የሰርቪስ ብቻ ነው፤ 4 እንጨምርለት። ጠቅላላ 44።

ያቺኑ መኪና እናንተ በ60 ገዛችኋት። 4 ዓመት ነድታችሁ በ38 ሸጣችኋት። 22 ሄደ። ለጎማ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለአሞርዛተር፣ ለባትሪና ለሰርቪስ 12 ጨምሩ። 34። ከአዲሷ ጋር ያላት ልዩነት 10 ነው፤ የአዲስ መኪና አንድ አስረኛ ማለት ነው። በዚያ ላይ መጀመሪያ ያላወጣችሁት 40 እጃችሁ ላይ ነበር። በብድር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በ100 ላይ የሚታሰብ ወለድና በ60 ላይ የሚታሰብ ወለድ አንድ አይደለም። በመኪናዋ ዋጋ ልክ የሚታሰበው ኢንሹራንስም እንደዚሁ።

አሁን ቁጥሮቹን መልሳችሁ እዩዋቸው። ጥገናው 12 መሆኑ ቀርቶ 22 ከሆነ ሁለቱ እኩል ይወጣሉ። 22 ደግሞ ብዙ አይደለም። አንድ ካምቢዮ ወይም አንድ ሞተር ይበላዋል። ስለዚህ ያገለገለች መኪና የሚያዋጣው ሞተርና ካምቢዮ እስካልተነካ ድረስ ነው። የጥያቄው ግማሽ «አዲስ ወይስ ያገለገለ» ከሆነ ሌላው ግማሽ «የትኛዋ» ነው።

የእኔ ምርጫ የቶዮታዋ ካምሪ ናት፤ ከ2018 እስከ 2024 ያለችው ባለ 2.5 ሊትር። ተርቦ የላትም። ካምቢዮዋም ባለ 8 ማርሽ የተለመደው አውቶማቲክ ነው። ግን «ካምሪ ናት» ተብሎ ዓይን ተጨፍኖ አይገዛም። ከ2007 እስከ 2009 ያለው የ2.4 ሊትር ሞተር በፒስተን ፋሻው ምክንያት ዘይት በመብላት ስሙ የጠፋ ነው። ከ2010 ጀምሮ 2.5 ስለገባ፣ በጀታችሁ ወደ አሮጌዎቹ ካወረዳችሁ ከ2010 ወዲያ አትውረዱ።

ማዝዳ 6 የምትገባትን ክብር አላገኘችም። ተርቦ የሌላት 2.5 ሞተርና ባለ 6 ማርሽ የተለመደ አውቶማቲክ ካምቢዮ አላት። ስሟ እንደ ካምሪ ስላልገነነ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ትገኛለች። ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ይሄ ጉድለት ሳይሆን ሲሳይ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን መለዋወጫዋ አጠገባችሁ መኖሩን አረጋግጡ።

የሆንዳዋ አኮርድ ላይ እጠነቀቃለሁ። ከ2018 እስከ 2022 ያለችው ባለ 1.5 ተርቦ ስትነዳ ደስ ትላለች። ነገር ግን ይህ ሞተር በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ሲነዳ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልበታል። የቴስታታ ጋርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ከታችኛው አካል ጋር የሚያሽገው) ስሞታም አለበት። አኮርድ ካማራችሁ የዚያኑ ዘመን ሃይብሪዷን፣ ቤንዚንና ባትሪ አጣምራ የምትሄደውን፣ እዩ፤ ባለ 2.0 ሊትር ሆኖ ተርቦ የለውም። የድሮዎቹን ባለ ቪ6 (ባለ 6 ሲሊንደር) ከመረጣችሁ ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ደረሰኝ ካልታየ አልተቀየረም ብላችሁ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ወዲያ የምትገዙት ሞተር ነው።

የሂዩንዳይ ሶናታና የኪያ ኦፕቲማ ከ2011 እስከ 2019፣ ባለ 2.4 እና ባለ 2.0 ተርቦ፤ በነዚህ ሞተሮች ላይ የደረሰው በሰነድ ያለ ነው። ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሲመረት የቀረ የብረት ብናኝ የዘይት መተላለፊያውን እየዘጋ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚና ይበላል፤ ሞተሩ ይያዛል። ኩባንያዎቹ በ2015 እና በ2017 ትልልቅ የማስጠገኛ ጥሪ (ሪኮል) አድርገዋል። ሞተሯ በጥሪው መሠረት የተቀየረላትና ወረቀት ያላት ከተገኘች ግን ገበያ ናት፤ ስሟ የረከሰ፣ ሞተሯ አዲስ። ወረቀት ከሌላት ግን ወሬ ነው።

ከ2013 እስከ 2018 ያለችውን የኒሳን አልቲማ በርካሽ ስታገኙ ለምን እንደረከሰች ዕወቁ። ካምቢዮዋ ሲቪቲ ነው። ማርሽ የለውም፤ በሁለት ፑሊ መካከል የሚሠራ የብረት ቀበቶ ነው። ሲሞቅና ዘይቱ ሲያረጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ጉልበት ያጣል። ኩባንያው በአሜሪካ የዚህን ካምቢዮ ዋስትና እስከማራዘም ደርሷል። በእኔ ሂሳብ 22ቷን የምትበላው እሷ ናት።

ካምሪ አንድ ክፉ አመል አላት። ሁሉም ስለሚፈልጋት ያገለገለችው ራሷ ትወደዳለች። የ4 ዓመቷ 80 ከተጠራባት ቆም በሉ። 80 ከተሸጠች የመጀመሪያው ባለቤት በ4 ዓመት ያጣው 20 ብቻ ነው ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ዋስትናዋ ያለቀባትን በ80 ልትወስዱ ነው። እንዲህ ሲሆን አዲሷን ግዙ። የእኔ መስመር 70 ላይ ነው። ከ70 በላይ ከተጠየቀባት ወይ ወደ አዲሷ እሄዳለሁ፣ ወይ ወደ ማዝዳ እዞራለሁ።

ወደ ፍተሻው። ሻጩን «ሳልመጣ እንዳታስነሳት» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ሞቅ ካለ አስነስቷታል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። ዘይት የምትበላ መኪና ጠባይዋን የምታሳየው ቀዝቅዛ ስትነሳ ነው። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የሚቃጠለው ዘይት ነው። በብርድ ጠዋት ትንሽ ነጭ ተን ወጥቶ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ነጩ ካልጠፋና ሽታው ጣፋጭ ከሆነ ግን የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነው። የዕቃ መጫኛውንም ክፈቱ። ተከፍቶ የተጋመሰ የዘይት ጠርሙስ ካገኛችሁ ሻጩ ያልነገራችሁን ነግሯችኋል።

ቀጥሎ ስካነር፤ መኪናዋ ላይ ተሰክቶ የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ። ከስልክ ጋር የምትገናኘው ርካሿም ትበቃለች። ብዙ ሰው ኮድ ካላየ «ንጹህ ናት» ብሎ ይነቅላል። ዋናው እዚያ አይደለም። መሣሪያው ላይ የመኪናዋ የራስ ፍተሻዎች መጠናቀቃቸውን የሚያሳይ ገጽ አለ። ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ አንድ ሰው በቅርቡ ኮዱን አጥፍቷል ወይም ባትሪ ነቅሏል። ፍተሻዎቹ እንዲሞሉ መኪናዋ ጥቂት ቀን መነዳት አለባት። ሻጩ «ኧረ ትላንት ባትሪ ቀይሬ ነው» ይላችኋል። ይሁንለት፤ ከሳምንት በኋላ እመጣለሁ በሉት።

ኪሎ ሜትር መመለስ ዛሬ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ሌላውን አንብቡ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ጥርሱ አልቆ፣ መሪው ላይ ያለው ቆዳ ለስልሶና አብረቅርቆ፣ ዳሽቦርዱ 60,000 ካለ አንዱ ይዋሻል፤ ፔዳል ደግሞ አይዋሽም። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን 4 አሃዞች እዩ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ትንሽ የተነዳች የምትባል መኪና ሁለተኛ ዙር ጎማዋ ላይ ከሆነች ጠይቁ። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡት። ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ ጎርፍ ገብታለች።

ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ኤርባጉ ፈንድቶ መብራቱ ተነቅሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ታካታ የተባለው አምራች የሠራቸው ኤርባጎች የማስጠገኛ ጥሪም በዓለም ላይ ብዙ አሥር ሚሊዮን መኪኖችን የነካ ነው፤ ሆንዳ ደግሞ በብዛት ከተነኩት አንዷ ናት። በቻሲስ ቁጥሩ ጥሪው መፈጸሙን አረጋግጡ፤ ጥገናው በነፃ ነው።

ያገለገለች መኪና የሚያስጠላብኝ ነገር ቢኖር ፎርጅድ መለዋወጫ ነው። አንዴ ሁለት የዘይት ፊልትሮ ጎን ለጎን ቆርጬ አይቻለሁ። ካርቶናቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ። የኦሪጅናሉ ውስጥ ወረቀት እጥፋቱ የተጠጋጋና እኩል ነው፤ ከአፉ ወደ ውስጥ ያለው ላስቲክ በጣት ሲጫኑት ይታዘዛል። የፎርጅዱ እጥፋት የተራራቀ ነው፣ አንዱ ጥግ ላይ ሙጫው ተላቆ ክፍተት ተፈጥሯል፤ ላስቲኩ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ያ ላስቲክ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው እንዳይወርድ የሚይዘው ነው። ካልያዘ በየጠዋቱ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ያለ ዘይት ይንኳኳል። የዋጋው ልዩነት የአንድ ምሳ ነው። የሞተሩን ዋጋ ከላይ አይታችኋል።

ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላም እንደዚሁ። የወንድሜ መኪና ፍጥነት ስትጨምር ትንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ጋራዥ ሳይፈታ ሳይመረምር «ካምቢዮው አልቋል» አለው፤ ዋጋውንም ጠራለት። ሌላ መካኒክ አራቱን ካንዴላ አወጣቸው። አንዱ ጫፉ ወፍራም ሽቦ ነበር፤ ሦስቱ ቀጭን መርፌ። ፎርጅድ ከኦሪጅናሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ገብቷል። አራት ካንዴላ ተቀየረ፣ መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ካምቢዮ ይቀየር የሚለኝን ሰው ኮዱን በስካነር አሳየኝ፣ ዘይቱን አውጥተህ አሳየኝ እለዋለሁ።

ስለዚህ ያገለገለች ስትገዙ ከዋጋዋ አንድ አስረኛውን ለመጀመሪያው ወር ለብቻ ያዙ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ። የቀድሞው ባለቤት ቀየርኩ ቢልም ቀይሩ። «የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ የማንን ዕድሜ እንደሆነ ጠይቁት።

ሃይብሪድ ለሚያስቡ አንድ ነገር። የካምሪ ሃይብሪድ ባትሪ አየር የሚስበው ከኋላ ወንበር አካባቢ ባለ ቀዳዳ ነው። እዚያ አቧራና የውሻ ፀጉር ከተጠቀጠቀ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ቀዳዳውን በመብራት እዩት። ማጽዳቱ ርካሽ ነው፤ ባትሪው ግን አይደለም። ከ2025 ጀምሮ ካምሪ በብዙ ገበያ ሃይብሪድ ብቻ ሆናለች፤ አዲስ የምትገዙም ቀዳዳውን እንዳትረሱት።

አዲስ መግዛት ያለበት ማነው? መኪናውን 12 እና 15 ዓመት የሚይዝ ሰው። የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ለዚያ ሁሉ ዓመት ሲካፈል ትንሽ ነው። የሚያምነው መካኒክ የሌለውም ሰው አዲስ ይግዛ፤ የዋስትናው ዋጋ ለእሱ ይገባዋል። እነሱም ቢሆኑ አዲሱ ቅርጽ ሊገባ ሲል የሚቀረውን የዘንድሮ ስሪት ይጠይቁ። ሻጩ መጋዘኑን ማጽዳት ስለሚፈልግ ዋጋ የሚሰብረው ያኔ ነው።

ባገለገለችው ላይ ዋጋ ስትጨርሱ ደግሞ ሁለቱንም ቁልፍ ተቀበሉ። «ሁለተኛው ጠፍቷል» ካለ፣ የአዲስ ስማርት ቁልፍና ቁልፉን ከመኪናዋ ጋር የማስተዋወቂያው ፕሮግራም ስንት እንደሆነ እዚያው ደውላችሁ ጠይቁና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።