ኤስፒአር፣ ቢኤልአይ ወይስ የሪንግ ቺፕ?

ሦስቱም ሞለኪውሎች ሲጣበቁ በብርሃን የሚለኩ የላብራቶሪ መሣሪያዎች (ባዮሴንሰሮች) ናቸው። ሻጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው የሴንሲቲቪቲ ቁጥር ነው፤ ማለትም መሣሪያው ለትንሽ ለውጥ ምን ያህል ምላሽ እንደሚሰጥ። እኔ ያንን ገጽ ዘልዬ ስለ ሙቀት እጠይቃለሁ።

የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ሞለኪውል ሴንሰሩ ላይ ሲጣበቅ ብርሃኑ ምን ያህል እንደተለወጠ ያነባሉ። ናሙናው ላይ የሚያበራ ቀለም ማሰር አያስፈልግም።

ኤስፒአር (ሰርፌስ ፕላዝሞን ሬዞናንስ) የሚሠራው 50 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ስስ ወርቅ ላይ ብርሃን በማሳረፍ ነው። የስዊድኑ ባያኮር የተባለው የኤስፒአር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ሌሎቹ የሚመዘኑት በእሱ ነው። ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች የሆኑ የመድኃኒት ሞለኪውሎችን የምታጠኑ ከሆነ ብዙ አታመንቱ፣ ይህንኑ ውሰዱ። ጣጣው ግን አለ። ናሙናው በቀጫጭን ቦዮች ስለሚያልፍ በደንብ ያልተጣራ ነገር ይደፍናቸዋል። የውኃው ሙቀት በ1 ዲግሪ ከተለወጠ ንባቡ ወደ 100 አርዩ (የመሣሪያው የንባብ አሃድ) ይንሸራተታል፤ ትንሽ ሞለኪውል የሚሰጠው ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት አርዩ ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ላብራቶሪ ያለ ዩፒኤስ አታስቡት።

ቢኤልአይ (ባዮሌየር ኢንተርፌሮሜትሪ) ቀለል ይላል። ብርሃን የሚያስተላልፈውን ፋይበር ጫፍ 96 ጉድጓድ ባለው ፕሌት ውስጥ መንከር ነው፣ አለቀ። የሚደፈን ቦይ የለም፤ ናሙናውም ተመልሶ ይገኛል። አንቲቦዲ ለሚያመርትና ለሚፈትሽ አነስተኛ ላብራቶሪ የምመርጠው ይህን ነው። ለትናንሽ ሞለኪውሎች ግን ይደክማል፤ ፕሌቱ ክፍት ስለሆነም ልኬቱ ሲረዝም ናሙናው ይተናል። ጫፎቹ አላቂ ዕቃ ናቸው፤ በየዓመቱ የውጭ ምንዛሪ እንደሚጠይቁ አስቀድማችሁ አስሉ።

የሪንግ ቺፕ፣ ማለትም ብርሃን በጥቃቅን የሲሊከን ቀለበቶች (ሪንጎች) የሚዞርበት ቺፕ፣ ከሦስቱ ትንሹ ነው። ከአንዲት ጠብታ ብዙ ፕሮቲኖችን አንድ ላይ መለካት ለሚፈልግ የሚስማማው እሱ ነው። ችግሩ፣ ብርሃኑ በአብዛኛው ሲሊከኑ ውስጥ ታፍኖ ይዞራል፤ ናሙናውን የሚነካው ጠርዙ ብቻ ነው። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብርሃኑ የሚዞርበትን የሲሊከን መስመር ለሁለት ሰንጥቀው ብርሃኑ በስንጥቁ ባለው ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ አደረጉ። በአንድ የስብረት ምጣኔ (ፈሳሹ ብርሃንን የሚያጎብጥበት መጠን) አሃድ 70 ናኖሜትር የነበረው የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 298 ደረሰ። ታዲያ የስንጥቁ ግድግዳ ሸካራ ከሆነ ብርሃን ይባክናል፣ ንባቡም ይደበዝዛል። ሲሊከንም ሙቀት ይሰማዋል፤ ስለዚህ ቺፑ ላይ ናሙና የማይነካቸው ማነጻጸሪያ ሪንጎች ስንት እንደሆኑ ጠይቁ።

የሴንሲቲቪቲ ቁጥሩ ከተነገራችሁ ደግሞ በምን ፈሳሽ እንደተለካ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የጨው ወይም የስኳር ውኃ ነው። የራሳችሁን የሴረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) ናሙና ይዛችሁ ሂዱና ፊታችሁ ይለኩት።