ሬክ፣ ብሎወር ወይስ ሳር ማጨጃ? የረገፈ ቅጠል ላስመረረው ሰው የቀረበ ንጽጽር

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግቢ ማለቂያ የሌለው ሥራ ይሆናል። ጠዋት የተጠረገው ከሰዓት ተመልሶ ይሞላል። ዝናብ ከደረበበት ደግሞ ቅጠሉ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ አሸንዳው ይደፈንና ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ሰው የሚማረረው ይሄኔ ነው። ተማርሮ ሱቅ የገባ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁንና ጩኸታሙን ማሽን ይዞ ይወጣል።

ቅጠል መሰብሰብ ግን አንድ ሥራ አይደለም፤ ሦስት ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን ከተጣበቀበት ማላቀቅ አለ። ከዚያ አንድ ቦታ መከመር አለ። በመጨረሻ ክምሩን አንስቶ መውሰድ አለ። ብሎወር፣ ማለትም ቅጠልን በንፋስ የሚገፋ ማሽን፣ በዋናነት የሚረዳው በመሃሉ ሥራ ነው። ቅጠሉን ከዚህ ወደዚያ ያዛውራል እንጂ አያነሳም። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቅጠሉ የሚወድቀው ምን ላይ ነው? በአብዛኛው ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ከማሽኑ ጉልበት ይልቅ ውሳኔውን የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የእጅ ሬክ

ሰው ሬክን፣ ማለትም ረጅም እጀታ ያለውን ባለ ጥርስ የቅጠል መሰብሰቢያ፣ የሚንቀው ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል። ሳር ላይ ለተኛ እርጥብ ቅጠል ግን ከሬክ የሚበልጥ አላየሁም። ጥርሶቹ በሳሩ መሃል ገብተው ቅጠሉን ከሥር ያላቅቁታል። የተራ ብሎወር ንፋስ ይህን አይችልም፤ እርጥቡን ቅጠል ከላይ ይጫነዋል እንጂ።

ሬክ ስትመርጡ መጀመሪያ ጥርሱ የተሠራበትን እዩ። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው የብረት ጥርስ ጠንካራ ነው፤ ሳሩ ሥር የተጠራቀመውን ገለባና አረንጓዴ ሽበት (ሞስ) ጭምር አብሮ ያወጣል። ችግሩ አዲስ የተዘራ ለጋ ሳርን ይነቅላል። የፕላስቲኩ ቀላል ነው፤ ሰፊ ሆኖ ስለሚሠራም ደረቅ ቅጠልን በፍጥነት ይሰበስባል። ብርድ ሲበረታ ግን ጥርሱ ይሰበራል። የቀርከሃው ለሳርም ለተክልም ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ቦታ ከተተወ ግን ይበሰብሳል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የብረቱን እይዛለሁ።

ስፋቱ ከ50 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለሳር ይበቃል። ለአበባ መደብ ጠባብ ሌላ ያስፈልጋል፤ ወይም ስፋቱ የሚጠብና የሚሰፋ ሬክ ግዙ። ይህ ዓይነቱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን መቆለፊያው ላላ ያለ ከሆነ በሥራ መሃል ራሱን እየዘጋ ያበሳጫል። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ዘርግታችሁ መሬት ላይ ተጫኑት።

እጀታውን አትርሱ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ አገጫችሁ አካባቢ መድረስ አለበት። አጭር እጀታ ወገብ ይቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የሬክ ይመስላችኋል። ጓንት ካላደረጋችሁ ደግሞ መዳፋችሁ ውሃ መቋጠሩ አይቀርም።

ብሎወር፦ በገመድ፣ በባትሪ ወይስ በቤንዚን?

ብሎወር የሚያምረው ደረቅ ቅጠል፣ የተነጠፈ ግቢና ጠጠር ላይ ነው። ጠጠር ላይ ሬክ ድንጋዩን አብሮ ይጎትታል። ፍጥነቱ የሚቀነስ ብሎወር ግን ቅጠሉን ብቻ ያስነሳል። ግቢያችሁ አብዛኛው ጠጠር ከሆነ እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ብሎወር ግዙ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የንፋሱ ፍጥነት ነው፣ በኪሎ ሜትር በሰዓት። ይህ ቁጥር ያታልላል። የቱቦውን አፍ በማጥበብ ብቻ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ክምር ቅጠል የሚገፋው የአየሩ ብዛት ነው፤ እሱ ደግሞ በትንሹ፣ በሜትር ኩብ በሰዓት ይጻፋል። ፍጥነቱ የሚጠቅመው የተለጠፈውን ለማላቀቅ ነው። ሁለት ማሽን አጠገብ ለአጠገብ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የአየሩን ብዛት አንብቡ። ዋቱን ብዙም አትመኑት፤ ሞተሩ የሚበላውን ይናገራል እንጂ የሚነፋውን አይናገርም።

የገመዱ ብሎወር ርካሽ ነው፣ ኃይሉም አይደክምም። ገመዱ ግን ዛፍ ላይ ይጠመጠማል፣ የአበባ ማሰሮ ይገለብጣል፣ በየሦስት እርምጃው ያስቆማችኋል። 3000 ዋት የሚስብ ማሽን በ230 ቮልት 13 አምፒር አካባቢ ይወስዳል። ስለዚህ ቀጭን የቤት ማራዘሚያ አይሆነውም። በጥቅል የሚመጣ ማራዘሚያ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ገመዱ ሊቀልጥ ይችላል። ጥቅሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት የዋት ቁጥር የሚታተመው ለዚህ ነው፤ አንዱ ተጠቅልሎ፣ አንዱ ተፈትቶ። ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚያቋርጥ መከላከያ ከሌለው፣ ወይም መሬቱ እርጥብ ከሆነ፣ ይህን ማሽን ተዉት።

የባትሪው ዛሬ ለብዙ ሰው ልክ የሚመጣው ነው። ግን ቁጥሮቹ ያደናግራሉ። አንዱ ካርቶን 18 ቮልት ይላል፣ ሌላው 20። አብዛኛውን ጊዜ ውስጣቸው አንድ ነው፦ የተደረደሩ አምስት የሊቲየም ሴሎች። እያንዳንዱ ሴል ሥራ ላይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፣ ሲደመር 18። 20 የሚሉት ሙሉ ቻርጅ እንዳደረገ የሚታየውን ከፍተኛውን ነው። 36 እና 40 ቮልትም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በ2 ቮልት ልዩነት ብር አትጨምሩ።

መጠየቅ ያለበት ባትሪው ስንት ዋት ሰዓት ይይዛል የሚለው ነው። ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዙ። 36 ቮልት፣ 4 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 144 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሙሉ ኃይሉ ላይ 600 ዋት የሚስብ ብሎወር ይህን ባትሪ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ካርቶኑ ላይ «እስከ 60 ደቂቃ» ካለ ያ በዝቅተኛው ፍጥነት ነው፤ በዚያ ፍጥነት በረንዳ ካልሆነ ምንም አይጠረግም። ቤት ውስጥ የአንድ ኩባንያ ድሪል ወይም ሌላ የባትሪ መሣሪያ ካላችሁ የዚያኑ ኩባንያ ብሎወር ያለ ባትሪ መግዛት ይቻላል። እንዲያ ከሆነ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ቮልቱ አንድ ስለሆነ ብቻ ግን የአንዱ ባትሪ ለሌላው ኩባንያ መሣሪያ አይገባም።

የቤንዚኑ ጉልበት አያከራክርም። በጀርባ የሚታዘለው እርጥቡንም ሳይቀር ይነቅላል። ለሰፊ መሬትና ለባለሙያ ነው። ለተራ ግቢ ግን ጣጣው ይበዛል። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናቸው፣ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። ብዙ ጊዜ 50 ለ 1 ነው፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን ደግሞ ካርቡራተሩን ይደፍናል፤ በሚቀጥለው ዓመት የማስነሻ ገመዱን ብትስቡ ብትስቡ አይነሳም። ጩኸቱም አለ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። የቤንዚን ብሎወር ከያዘው ሰው ጆሮ አጠገብ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ጎረቤትም አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2022 የቤንዚን ብሎወርን መጠቀም ከልክላለች። በካሊፎርኒያም ከ2024 ጀምሮ አዲስ የሚሠሩት መሸጥ የለባቸውም። እናንተ ያላችሁበት ምን ይላል? ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።

የቱንም ብትይዙ መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ንፋስ በፊታችሁ ሲመጣ አትሥሩ፤ ጠርጋችሁ ጠርጋችሁ ራሳችሁ ላይ ነው የምታራግፉት።

የሚስብና የሚፈጭ

አንዳንድ ብሎወር ቁልፉ ሲገለበጥ ቅጠሉን ይስባል፣ ይፈጫል፣ ከረጢት ውስጥ ይጨምራል። ሦስተኛውን ሥራ፣ ማንሳቱን፣ የሚሠራ ማሽን በመሆኑ ወረቀት ላይ ያጓጓል። አሥር ከረጢት ወደ አንድ ይቀንሳል የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ለደረቅ ቅጠል እውነትም ብዙ ይቀንሳል። እርጥብ ከሆነ ግን ቱቦው ውስጥ ተጋግሮ ይቀራል፤ እየፈታችሁ በእንጨት ትጎረጉራላችሁ። ከረጢቱም ሲሞላ ትከሻ ላይ ይከብዳል። ከገዛችሁ የሚፈጨው ምላጭ ብረት የሆነውን ምረጡ። ፕላስቲኩ አንድ ጠጠር ሲገባበት ይሸረፋል። አጥር ሥርና ጥግ ጥጉ ላይ ለሚከማች ጥቂት ደረቅ ቅጠል ይበጃል። ለሙሉ ግቢ አልመክረውም።

ቤት ውስጥ ያለው ሳር ማጨጃ

አብዛኛው ቅጠላችሁ የሚወድቀው ሳር ላይ ከሆነና ሳር ማጨጃ ማሽን ካላችሁ፣ ምንም ላትገዙ ትችላላችሁ። ምላጩን ከፍ አድርጋችሁ ደረቁ ቅጠል ላይ ንዱት። ከረጢቱ ከተገጠመ ይፈጫል፣ ያነሳልም። ከረጢቱን ካወጣችሁት ደግሞ የተፈጨው እዚያው ሳሩ መሃል ይገባል። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሳር ተመራማሪዎች የተፈጨ የሜፕልና የኦክ ዛፍ ቅጠል ሳር ላይ ሲተው ሳሩን እንደማይጎዳ አሳይተዋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከፈጫችሁ በኋላ ሳሩ ካልታየ ቅጠሉ በዝቷል፤ እንደገና ንዱበት ወይም ከፊሉን አንሱ።

ለተከመረው ደግሞ ከማሽን ሁሉ የሚበልጠው ሰፊ ሸራ ነው። ክምሩን በሬክ ሸራው ላይ ገፋ ማድረግ፣ አራቱን ጫፍ ይዞ መጎተት። ቅጠሉን አታቃጥሉት። ጥግ ላይ በሽቦ አጥር ውስጥ ብትከምሩት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ውስጥ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ይሆናል፣ ከተፈጨ ደግሞ ፈጥኖ። አበባ መደብ ላይና የተክል አጥር ሥር የወደቀውን እዚያው መተውም ይቻላል። ያ ሁሉ ድካም ሳርና መንገድ ላይ ላለው ብቻ ነው።

እንግዲህ እኔ ብሆን፦ ግቢዬ ትንሽና ሳር ከሆነ የብረት ሬክና ሸራ። መካከለኛ ሆኖ ጠጠርና ንጣፍ ካለበት የባትሪ ብሎወር ከሬክ ጋር። ሰፊ ሳር ከሆነ ሳር ማጨጃው። ቤንዚን የምገዛው ሥራው እንጀራዬ ከሆነ ብቻ ነው።

አሸንዳው

እዚህ ላይ ብር ከማውጣት ይልቅ አለመውደቅ ይቀድማል። መሰላል አራት ሜትር ከፍ ካለ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ። አንድ ሰው ከሥር ይያዝ። ብሎወር ይዞ መሰላል ላይ መውጣትን እርሱት። አንድ ፎቅ ለሆነ ቤት ረጅም ቱቦ ተገጥሞለት ከመሬት የሚሠራ ቅጠል የሚስብ ማሽን ወይም የውሃ ቱቦ ማራዘሚያ አለ። ደረቁን ያወጣል፤ የረጋውን ጭቃ ግን በእጅ መጥረግ ይሻላል።

መሸፈኛ ከፈለጋችሁ ደቃቅ የብረት ወንፊቱ ከሁሉም ይሻላል። ትንንሽ ዘርና ደቃቅ ቅጠል እንኳ ብዙም አያሳልፍም፤ ላዩን ግን አልፎ አልፎ መጥረግ አይቀርም። ቀዳዳው ሰፊ የሆነው የፕላስቲክ መረብ ርካሽ ነው፣ ቅጠሉ ግን ጫፉ እየገባ ይሰካበታል። ክብ ብሩሹ ለመግጠም ደቂቃ አይፈጅም፤ ቆሻሻው ግን ፀጉሩ መሃል ይቀራል። አውጥቶ ማራገፍ ደግሞ ያው መሰላል መውጣት ነው። አሸንዳ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ስፖንጅ ለማንም አልመክርም። ዓመት ሳይሞላው ዘር ይበቅልበታል።