ፊሽ ክሪክ፦ እሳቱ ላይ ላምባ፣ ዓሣው ላይ ቅቤ

ላምባው እሳቱ ላይ ሲደፋ ነበልባሉ ከጎላው በላይ ብድግ ይላል። የፈላው ውሃ በዙሪያው ገንፍሎ ይፈስና ያንኑ እሳት ያዳፍነዋል። ልጆች ይጮኻሉ፣ አዋቂውም ስልኩን እንደያዘ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ዊስኮንሲን ውስጥ ዶር ካውንቲ ድረስ ለዚህች ቅጽበት ብሎ መንዳት ያዋጣል፤ ያውም ከቺካጎ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ።

እራቱ «ፊሽ ቦይል» ይባላል፤ የዓሣ ቅቅል ማለት ነው። ፊሽ ክሪክ በምትባለው የዶር ካውንቲ መንደር፣ በ1896 የተሠራው ኋይት ገል ኢን የሚባል የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ በደንብ ይሠሩታል። ላምባው ለትርኢት ብቻ የሚደፋ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ዋና ሥራው ግን ዓሣውን ማጽዳት ነው። ውሃው ውስጥ የሚገባው ጨው ያስደነግጣል፤ ለስምንት ሊትር ግማሽ ኪሎ ያህል። ውሃው በጨው ሲከብድ የዓሣው ዘይትና አረፋ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ግንፈላው ያንን ጠርጎ ያወጣዋል። ዘይቱ ሳይወገድ ከቀረ ዓሣው ሲወጣ ይለብሰውና ይከረፋል። የላምባ ሽታ ደግሞ ምግቡ ላይ የለም፤ የሚደፋው ከጎላው ሥር ነው፣ ውሃውም ወደ ውጭ ነው የሚፈሰው።

መጀመሪያ ትንንሽ ቀይ ድንች ከነልጣጩ ይገባል። ጫፍና ጫፉ ትንሽ ይቆረጣል፣ ጨው እንዲገባው። ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። ከዚያ ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው፣ ከነአጥንቱ የተቆረጠ ኋይትፊሽ የሚባል የሚሺጋን ሐይቅ ዓሣ ከቀሪው ጨው ጋር ይጨመራል፤ ለእሱ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። በዚህ አጭር ጊዜ ጨው ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። ሲያበቃ ሁለት ሰዎች ወንፊት የሚመስለውን ቅርጫት በዘንግ አንጠልጥለው ያወጡታል።

ሳህኑ ሲቀርብ ግን ልብ ይሰብራል። ነጭ ዓሣ፣ ነጣ ያለ ድንች፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፤ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ለዚህ ነው ያን ያህል የሚከፈለው? አራት አዋቂ ከታክስና ከቲፕ ጋር ከመቶ ዶላር በላይ ያወጣል፣ ለቅቅል! ሹካውን ስታስገቡ ሐሳባችሁ ይለወጣል። ሥጋው ውሃ ሳይቋጥር በየንብርብሩ ይላቀቃል፤ ቅልጥ ቅቤና ሎሚ ሲጨመርበት ጣፋጭነቱ ይወጣል። ሚጥሚጣ በቦርሳ የያዘ አይቆጨውም። በጾም ዓሣ የምትበሉ፣ ቅቤው ከኩሽና ሳይወጣ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አለዚያ ፈሶበት ይመጣል።

አጥንቱ ቀልድ አይደለም። ለልጅ ሳህን አስተናጋጁን አጥንቱን አውጡልኝ በሉት፣ ለምደውታል። መሐል አጥንቱ ሲነሳ የጎን አጥንቶቹ አብረው ይመጣሉ፤ ከሆድ በኩል ያለውን ቁራጭ ግን በጣት ደግማችሁ ፈትሹት።

ሁሉም ቤት እኩል እንዳይመስላችሁ። እዚያው ባሕረ ገብ መሬት ላይ፣ ስሙን የማልጠራው ቤት፣ ያረፈዱ እንግዶችን ሲጠብቅ ዓሣውን ውሃ ውስጥ ያቆየዋል። አምስት ደቂቃ ትርፍ ሲቆይ ሥጋው ይደርቅና ጨው ይመጥጣል፤ ያንን ቅቤም አያድነውም። ስለዚህ ስታስይዙ የግንፈላው ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ቁርጥ ያለ ሰዓት የማይነግራችሁን ቤት ተዉት። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱና ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ጭሱ ወደሚሄድበት የቆመ ሰው ዓይኑን ሲያሽ ግንፈላው ያመልጠዋል።

ቀኑን ለመሙላት ፔኒንሱላ ስቴት ፓርክ እዚያው መንደሩ ጥግ ነው። በ2021 እንደገና የተከፈተው ኢግል ታወር የሚባል የመመልከቻ ማማ በዛፎቹ መሐል የሚወጣ ረጅም መወጣጫ ስላለው የሕፃን ጋሪም ዊልቸርም ይወጣል። የሌላ ስቴት ታርጋ ያለው መኪና ለመግቢያ የበለጠ ይከፍላል፤ ይህ ያናድዳል። ሲስተር ቤይ ያለው የአል ጆንሰን ምግብ ቤት ጣሪያው ሣር ነው፣ ፍየሎች ይግጡበታል፤ ልጆቹን ፍየሎቹን አሳዩና እራታችሁን ፊሽ ክሪክ ብሉ።

ከእራቱ ጋር የሚመጣው የቼሪ ፓይ የአካባቢው ሞንትሞረንሲ ቼሪ ስለሆነ ኮምጠጥ ይላል። ጠግበናል ብላችሁ አትመልሱት፤ ከዚያ ሁሉ ቅቤ በኋላ አፍ የሚያጸዳው እሱ ነው። በጁላይና በኦገስት ቅዳሜ ሳያስይዙ መሄድ ግን ከበር መመለስ ነው።