ጃዝና ሂፕ ሆፕ በከዚራ፦ የአንድ ካፌ የሐሙስ ምሽት ግምገማ

ከድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ የሚገኝ አንድ ካፌ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጃዝን ከሂፕ ሆፕና ሶል ከሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ጋር አዋሕዶ የሚጫወት ባንድ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ የከተማዋ የሙዚቃ ወዳጆች ሁለት ጎራ ለይተው ሲከራከሩ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ይህ ራፕ እንጂ ጃዝ አይደለም» ሲል፣ ሌላኛው «ራፕ ከሆነ ታዲያ ሳክስፎኑ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ይወስዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ጆሯቸውን የሰጡት ከመድረኩ ፊት ለቆሙት ሰዎች ነው። የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ደግሞ የሚቆመውም የሚወድቀውም ከኋላ በተቀመጡት በድራመሩና በቤዝ ተጫዋቹ ላይ ነው፤ ቤቱ ከሁሉ በላይ የተሳካለትም እዚያ ላይ ነው።

ይህን ለምን እንደምል ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ሂፕ ሆፕና ጃዝ መጀመሪያ የተገናኙት በሸክላ አማካይነት ነበር፤ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች ከድሮ የጃዝ ሸክላዎች ጥቂት ሰከንድ እየቆረጡ፣ ያንኑ እየደጋገሙ፣ በላዩ ላይ ራፕ ያስገቡበት ነበር። ቀጥሎ የጃዝ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ወደ ስቱዲዮ መጠራት ጀመሩ። በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከታዋቂው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ከማይልስ ዴቪስ ጋር ይጫወት የነበረው የቤዝ ተጫዋች ሮን ካርተር፣ በ1991 በወጣው ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት የተባለ የሂፕ ሆፕ ቡድን አልበም ላይ ተጫውቷል፤ ራፐሩ ጉሩ ደግሞ በ1993 ባወጣው ሥራው ትራምፔት ተጫዋቹን ዶናልድ በርድንና ቫይብራፎን ተጫዋቹን ሮይ ኤይርስን አሳትፏል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን የከበሮ ድምፅ ከሚያወጣ ከአንድ ድራም ማሽን ነው። በ2006 በ32 ዓመቱ ያረፈው የዲትሮይቱ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ ጄይ ዲላ፣ ምቶቹን ሆን ብሎ አንዱን ትንሽ አዘግይቶ ሌላውን ትንሽ አስቀድሞ እያስቀመጠ፣ ሲሰሙት የሚንገዳገድ የሚመስል፣ ነገር ግን የማይወድቅ ምት ፈጠረ። ከእሱ በኋላ የመጡት ድራመሮች በማሽን የተሠራውን ይህን ምት በእጃቸውና በእግራቸው መጫወትን ተማሩ። ዛሬ ጃዝን ከሂፕ ሆፕ ጋር አዋሕዳለሁ የሚል ባንድ ሁሉ የሚፈተነው በዚህች ትንሽ መዘግየት ነው።

የከዚራ ተከራካሪዎችም ብቻቸውን አይደሉም። ፒያኖ ተጫዋቹ ሮበርት ግላስፐር በ2012 ያወጣው «ብላክ ሬዲዮ» የተሰኘ አልበም ግራሚ ሲሸለም፣ ሽልማቱን ያገኘው በጃዝ ዘርፍ ሳይሆን በአር ኤንድ ቢ ዘርፍ ነበር። በ2023 ደግሞ የለንደኑ ኤዝራ ኮሌክቲቭ በብሪታንያ ለአልበም የሚሰጠውን የሜርኩሪ ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው የጃዝ ባንድ ሆነ፤ የሚጫወተው ጃዝ ግን ከአፍሮቢት፣ ከሬጌና ከሂፕ ሆፕ ጋር የተቀላቀለ ነው። ሸላሚዎች ያልተስማሙበትን ነገር ሐሙስ ማታ በአንድ ስኒ ቡና እንፈታዋለን ማለት ይከብዳል።

ወደ ካፌው ነገር ስመለስ፣ ድራመሩ ገና ወጣት ነው፤ ሲጫወት ፊቱ ላይ ምንም ነገር አይነበብም። ስናሩ (ጠፍጣፋው ከበሮ) ላይ ትንሽ ፎጣ አጥፎ አስቀምጧል፤ ስለዚህ ምቱ የሚያስተጋባ ሳይሆን ደረቅና አጭር ሆኖ ይወጣል። ቀኝ እጁ ሃይ ሃቱን (ጥንድ የብረት ሳህኖቹን) ያለ ማወላወል እኩል እየመታ ሲሄድ፣ ግራ እጁ ስናሩን አድማጩ ከሚጠብቀው ቅጽበት ጥቂት አሳልፎ ይመታል። ይህን አንድ ጊዜ ማድረግ ለማንም አይከብድም፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ መዘግየቱን ሳያሰፋና ሳያጠብ መያዝ ግን የብዙ ልምምድ ውጤት ነው። የቤዝ ተጫዋቹም ተገቢ አጋሩ ነው። ጣቶቹ ፈጣን እንደሆኑ በአንድ አጭር ሶሎ (ብቻውን ጎልቶ በሚጫወትበት ክፍል) ካሳየ በኋላ፣ የቀረውን ጊዜ በጥቂት ድምፆች ብቻ ይጫወታል፤ አንዳንዴም የመጀመሪያውን ምት ባዶ ትቶ ከዚያ በኋላ ይገባል። ከኋላዬ የተቀመጡ ወጣቶች ጭንቅላታቸውን የሚነቀንቁት ሳክስፎኑ ሲጮህ ሳይሆን ያች ባዶ ቦታ ስትመጣ እንደሆነ አስተውያለሁ።

ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ሙዚቀኛ ችሎታው የማያጠያይቅ ቢሆንም፣ ምርጫው ሁልጊዜ አያስደስትም። የእኛ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ጣዕማቸውም ከሚተዉት ድምፅ ይመጣል። እሱ ግን በትዝታ ዜማ ሥር ዘመናዊ የጃዝ ኮርዶችን (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆችን) ሲደራርብ፣ ቅኝቱ የተዋቸውን ድምፆች ሁሉ መልሶ ያስገባቸዋልና ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። በአንጻሩ በአንቺሆዬ የተሠራው ቁራጭ የምሽቱ ምርጥ ነበር፤ አንቺሆዬ በተፈጥሮው ጠበብ ያሉና የሚያሻክሩ የድምፅ ርቀቶች ስላሉት፣ የጃዙን ኮርድ ሳይጨነቅ ይሸከማል። ባንዱ ወደዚህ አቅጣጫ ቢያደላ ከማንም ኮፒ ከመሆን ይድናል። መንገዱ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ቅኝትን ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር ካዋሐደ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2010 ደግሞ ራፐሩ ናስና ዴሚየን ማርሊ የእሱን ሙዚቃ ቆርጠው ለጋራ አልበማቸው መክፈቻ አውለውታል።

ድሬዳዋም ብትሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ቅልቅል እንግዳ አይደለችም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ የኪነት ቡድን የተመሠረተው እዚሁ ነው፤ በ2022 ያረፈው ዓሊ ቢራም ገና በለጋ ዕድሜው ዘፈን የጀመረው በዚሁ ቡድን ውስጥ ነበር። የካፌው ባንድ የዚያን ዘመን ለዛ በሚያስታውስ አንድ የኦሮምኛ ዜማ ላይ የጄይ ዲላን ዓይነት ምት አስገብቶ ሲጫወት፣ ጠረጴዛው ሁሉ ከወሬው ተመለሰ። ሳክስፎኑ እዚህ ላይ ብልሃት አሳይቷል፤ ሶሎ አልጫወተም፣ ዜማውን ከዘፋኟ ኋላ ኋላ እየተከተለ መለሰላት እንጂ።

ዘፋኟ ድምፀ መልካም ናት፤ የሶል ሙዚቃን ጌጥ ከአማርኛው እንጉርጉሮ ጋር ስታዋሕደው አይጎረብጥም። ራፐሩ ግን ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው። ተጽፎና ተጠንቶ የመጣውን ግጥም ሲያቀርብ፣ በአንድ ስንኝ ውስጥ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ የሚሻገርበት መንገድ፣ ልክ የድሬ ልጅ መንገድ ላይ ከጓደኛው ጋር እንደሚያወራው ስለሆነ፣ ሌላ ከተማ ያለ ራፐር ሊያመጣው የማይችለው ነገር ነው። ወደ ፍሪስታይል፣ ማለትም እዚያው ፈጥሮ ወደሚለው ግጥም ሲገባ ግን ሐሳብ ያልቅበትና ሳቢያን፣ ለገሀሬ፣ ገንደ ቆሬ፣ መጋላ እያለ የሰፈር ስም መጥራት ይጀምራል። ሰፈሩ የተጠራለት ሁሉ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባውን ተማምኖም ያረዝመዋል።

ከባድ ጉድለቱ የድምፅ ዝግጅቱ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች የተተከሉት ወደ ድንጋዩ አጥር ዞረው ስለሆነ፣ የባስ ድራሙ ድምፅ ከአጥሩ እየተመለሰ ቃላቱን ይውጣቸዋል፤ ግጥሙ የሥራው ግማሽ ለሆነ ሙዚቃ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። በአጠገቤ የተቀመጡ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አስተናጋጁን ጠርተው «ልጄ፣ ከበሮውን ቀነስ አድርጉልንና ልጁ የሚለውን እንስማው» ቢሉት፣ «እሺ አባባ፣ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ሄደ፤ ነገር ግን የተቀየረ ነገር አልነበረም። የድምፅ ማመጣጠኛውን ሚክሰር የሚቆጣጠረው ባለሙያ የተቀመጠው ከመድረኩ ጎን ከአምድ ኋላ በመሆኑ፣ እኛ የምንሰማውን እሱ ሊሰማው አይችልም። ጠረጴዛውን ወደ ግቢው መሀል ቢያወጡለት ምንም ወጪ ሳያስፈልግ ግማሹ ችግር ይቃለላል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተርም ከመድረኩ ጀርባ ስለሆነ፣ በለስላሳ ዘፈን መሀል ከተነሳ ዘፈኑን መተው ይሻላል።

ስለ ምግቡ ብዙ የሚባል የለም። ሳምቡሳው ትኩስ ነው፤ የቅመም ሻዩ ጥሩ ነው፤ ጭማቂው ውሃ ይበዛበታል። ዋጋው ከአካባቢው ካፌዎች ጥቂት ከፍ ቢልም፣ ባንድ ለሚያቆም ቤት የሚያስወቅስ አይደለም፤ የመግቢያው ክፍያ ላይ አንድ ለስላሳ መጠጥ አብሮ መታሰቡም ተገቢ ነው። አስተናጋጆቹ ትሑቶችና ፈጣኖች ናቸው፤ ሆኖም በቤዝ ሶሎው መሀል ትሪ ተሸክመው በመድረኩ ፊት ማለፋቸውን ቢተዉት መልካም ነበር።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ብዙ አይመነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምራል የተባለው ዝግጅት በተግባር የሚሞቀው ከ2 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ከዕረፍት በኋላ ያለው ክፍል ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። ከአጥሩ ራቅ ብሎ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ያሉት ጠረጴዛዎች ቃላቱ በደንብ የሚሰሙባቸው ብቸኛ ቦታዎች ናቸው፤ እነሱን ለማግኘት ግን ቀደም ብሎ መድረስ ግድ ነው። ሲያበቃ በሩ ላይ የሚጠብቁት ባጃጆች የኮንትራት ዋጋ ስለሚጠይቁ፣ ወደ ዋናው መንገድ በእግር ወጣ ማለት ያዋጣል።